በኢፍጣር ገበታችን ላይ ያለው ስኳር ሲመዘን



ጋምቤላ ውስጥ ረመዳንን የጾመ ሰው የመግሪብ አዛን እንዴት እንደሚናፈቅ ያውቃል። በእነዚህ ዓመታት ጾሙ የሚውለው በየካቲትና በመጋቢት ነው፤ ይህ ደግሞ ከተማችን ከዓመቱ ሁሉ እጅግ የምትሞቅበት ጊዜ ነው። ቀኑ ከ35 ዲግሪ በላይ ሲግል ይውላል፤ የባሮም ውኃ ይጎድላል። ስለዚህ ሙአዚኑ "አላሁ አክበር" ሲል የጾመኛው እጅ ከቴምሩ ቀጥሎ የሚዘረጋው ወደ ሳምቡሳው ሳይሆን ወደ ጆጉ ነው። በጆጉ ውስጥ ያለው እንደየቤቱ ይለያያል፤ ከርከዴ፣ አብሽ፣ ብርዝ፣ የማንጎ ጁስ፣ አለዚያም ከሱቅ የመጣ ለስላሳ ይሆናል።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚሁ ጆግ ነው። ነገሩን ያነሳሁት ከራሴ ስህተት ተነስቼ ስለሆነ አስቀድሜ እሱን ልናገር።

ባለፈው ረመዳን በአንዱ ምሽት በመስጂዳችን በጋራ እያፈጠርን ነበር። ከጀመዓችን አንድ አዛውንት አጠገቤ ተቀምጠዋል። ስኳር በሽታ እንዳለባቸው ሁላችንም እናውቃለን። ለስላሳው ሲዞር "ይህ ለእኔ አይሆንም" ብለው መለሱት። ቀጥሎ የማንጎ ጁስ መጣ። ወደ እኔ ዘወር ብለው "ሼኻችን፣ ይሄስ ይጎዳኝ ይሆን?" አሉኝ። እኔም ሳላስብ "ፍራፍሬ እኮ ነው፤ አላህ የፈጠረው ንጹሕ ነገር ነው፤ ይጠጡ" አልኳቸው። እሳቸውም የኢማሙን ቃል አምነው አንድ ብርጭቆ ጠጡ፤ ጥሙ ስላልበረደላቸው ሌላ ደገሙ።

ተራዊህ ላይ ሁለት ጊዜ ሰግደው ወጡ፤ ሦስተኛ ሲወጡ ልጃቸው ተከትሏቸው ሄደ። ውኃ ውኃ ይላቸዋል፤ ሽንት ያመላልሳቸዋል፤ ጉልበታቸው ከዳ። በዚያው ሌሊት ወደ ሕክምና ተወሰዱ። ጣታቸውን ወግተው ሲለኳቸው የደም ስኳራቸው ከ400 በላይ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ በሁለተኛው ቀን ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እኔን ግን ያ "ይጠጡ" ያልኩት ቃል እንቅልፍ ነሳኝ። በኪታብ ጉዳይ ተጠይቄ የማላውቀውን "አላውቅም" ማለት ከመምህሮቼ ተምሬያለሁ። በጁሱ ጉዳይ ግን ሳልመዝን ፈረድኩ።

ሷዕ ያስተማረን ነገር

የሆነውን ለቤተሰቤ ስነግር ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው ልጄ "አባዬ፣ በመጠጥ ውስጥ ስንት ስኳር እንዳለ በሚዛን ማወቅ ይቻላል፤ ትምህርት ቤት 'ዴንሲቲ' የሚሉት ነገር ነው" አለችኝ። በአማርኛ እፍግታ ይባላል። ማብራራት ስትጀምር ግን ነገሩ ለእኔ አዲስ አለመሆኑ ገባኝ። በየዓመቱ የረመዳን መጨረሻ ላይ የምንነጋገርበት ጉዳይ ነው።

ዘካተል ፊጥር የሚለካው በሷዕ ነው። ሷዕ አራት ሙድ ነው፤ አንድ ሙድ ደግሞ መካከለኛ ሰው ሁለት እጁን አጋጥሞ የሚያፍሰው ያህል ነው። እንግዲህ ሷዕ ዕቃ እንጂ ክብደት አይደለም። በየዓመቱ "ሼኻችን፣ በኪሎ ስንት ይሆናል?" ተብዬ ስጠየቅ አንድ ቁጥር ብቻ መስጠት የሚያስቸግረኝም ለዚህ ነው። ያው ዕቃ ስንዴ ሲሞላ የሚመዝነው ሌላ፣ ዱቄት ሲሞላ ሌላ፣ ቴምር ሲሞላ ሌላ ነው። ገበያ የምትውል እናትም ይህን ታውቃለች፤ አንድ ጣሳ ሩዝና አንድ ጣሳ ዱቄት እኩል እንደማይመዝኑ ማንም አይነግራትም።

እፍግታ ማለት ይኸው ነው። ዕቃው አንድ ሆኖ የሞላው ነገር ሲለያይ ክብደቱም ይለያያል። በአንድ ጠርሙስ ልክ ውኃና በዚያው ጠርሙስ ልክ ስኳር የገባበት ውኃ ቢመዘኑ ስኳር ያለበት ይከብዳል። ስኳሩ በበዛ ቁጥር ክብደቱም ይጨምራል። ዓይን ባያየውና ምላስ ቢሳሳትም ሚዛኑ ይናገራል።

ይህ ዕውቀት ለሙስሊሙ ዓለም ባዳ አይደለም። አል-ቢሩኒ ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት የማዕድናትንና የከበሩ ድንጋዮችን እፍግታ በጥንቃቄ ለክቷል። ከእሱ በኋላ የመጣው አል-ኻዚኒ በ515 ዓመተ ሒጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1121 አካባቢ፣ "ሚዛን አል-ሒክማ" የሚባለውን ሰፊ ኪታብ ጻፈ። በኪታቡ ወርቅ ከብር መቀላቀሉን የሚለይ ሚዛን፣ እንዲሁም ፈሳሽ ላይ እየተንሳፈፈ ክብደቱን የሚያሳይ መሣሪያ ይገልጻል። ዛሬም የስኳር ፋብሪካዎች የሚሠሩት በዚሁ መርሕ ነው። በሀገራችን ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ ወዲህ የሸንኮራ ጭማቂ ጣፋጭነት በምላስ ተፈርዶ አያውቅም፤ "ብሪክስ" በሚባል ልክ ይለካል። አንድ ብሪክስ ማለት በ100 ግራም ፈሳሽ ውስጥ 1 ግራም ስኳር ማለት ነው።

በቤታችን የሠራነው ሙከራ

ያስፈለገን ዕቃ ጥቂት ነው። ግማሽ ሊትር የምትይዝ አንድ የውኃ ላስቲክ (ሃይላንድ)፣ እስክሪፕቶ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ እንዲሁም በግራም የሚመዝን አነስተኛ ዲጂታል ሚዛን። ሚዛኑን ኬክ ከምትጋግር ጎረቤታችን ተዋስን። የእህልና የሽንኩርት መመዘኛ ሚዛን ለዚህ አይሆንም፤ እዚህ የሚፈለገው ልዩነት ጥቂት ግራም ነውና።

ልጄ ባዶውን ላስቲክ ሚዛኑ ላይ አስቀምጣ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለሰችው። ውኃ ጨምራ ልክ 500 ግራም ሲሆን አቆመች፤ ውኃው የደረሰበትን ቦታ አንገቱ አጠገብ በእስክሪፕቶ አሰመረችበት። ከዚያ በኋላ የሚመዘን ማንኛውም መጠጥ እዚያው መስመር ድረስ ብቻ ይሞላል። ያ ላስቲክ የእኛ ሷዕ ሆነ ማለት ነው።

መጠጦቹን ከመመዘናችን በፊት ሚዛኑን ራሱን መፈተን ነበረብን። 50 ግራም ስኳር መዝና በላስቲኩ ውስጥ አሟሟችና ውኃ ጨምራ እስከ መስመሩ ሞላችው። "አባዬ፣ ስንት የሚመዝን ይመስልሃል?" አለችኝ። እኔም "500 ላይ 50 ሲደመር 550" አልኩ። ሚዛኑ ያሳየው 519 ነበር።

የቀረው 31 ግራም የት ገባ? ስኳሩ ሲሟሟ ከዓይን ጠፋ እንጂ ቦታ መያዙን አልተወም። መስመሩ ድረስ ብቻ ስለምንሞላ ስኳሩ በያዘው ቦታ ልክ ውኃ ሳይገባ ቀርቷል። 50 ግራም ስኳር ወደ 31 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በሚዛኑ ላይ የሚታየው ጭማሪ የስኳሩ ሙሉ ክብደት ሳይሆን ከግማሹ ያነሰ ነው። 50ን ለ19 ብናካፍል 2.6 ገደማ ይመጣል። ደንባችን ይህ ሆነ፦ መጠጡ ከውኃው የበለጠበትን ግራም በ2.6 ስናባዛ በግማሽ ሊትሩ ውስጥ ያለውን ስኳር እናገኛለን። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 4 ግራም ነው ብለን ደግሞ በማንኪያ እንቆጥራለን።

ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ጋዝ ነው። ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያሉ አረፋዎች ቦታ ይይዛሉ፤ ክብደት ግን የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ሚዛኑን ያታልላሉ። ለስላሳውን ከብርጭቆ ብርጭቆ ደጋግሞ መገልበጥ፣ ከዚያም ክፍት አድርጎ ማሳደር ያስፈልጋል። ሁለተኛው ሙቀት ነው፤ ይህ በተለይ ለእኛ ለጋምቤላ ሰዎች ይሠራል። ቀዝቃዛ ውኃ ከሞቃት ውኃ ይከብዳል። ከፍሪጅ የወጣ መጠጥ በጓዳችን ሙቀት ከዋለ ውኃ ጋር ቢነጻጸር፣ በግማሽ ሊትር ላይ ወደ 3 ግራም ልዩነት በሙቀቱ ብቻ ይመጣል። ይህም ያልነበረ ሁለት ማንኪያ ስኳር አለ እንድንል ያደርገናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ውኃውም መጠጦቹም በአንድ ክፍል ውስጥ አብረው ይደሩ።

ምላስና ሚዛን ሲለያዩ

ከመመዘናችን በፊት ሁላችንም እየቀመስን የትኛው ይበልጥ ስኳር እንዳለው ገመትን። ከባለቤቴ እስከ ትንሹ ልጅ ድረስ አንደኛ ያደረግነው ለስላሳውን ነበር። መጨረሻ ያደረግነው ደግሞ በቤታችን የተዘጋጀውን ከርከዴ ነው። ከሱዳን ጋር በቆየ ጉርብትናችን ከርከዴ የእኛም የኢፍጣር መጠጥ ሆኗል፤ ቀይና ኮምጣጣ ስለሆነም ለጤና ጥሩ እንደሆነ እየተነጋገርን እንጠጣዋለን።

ሚዛኑ ያሳየን እንዲህ ነበር።

ጋዙ የወጣለት ለስላሳ 520 ግራም መዘነ። ጭማሪው 20 ነው፤ በ2.6 ሲባዛ በግማሽ ሊትር 52 ግራም ስኳር ይሆናል። በ300 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ሲሰላ ወደ 31 ግራም፣ ማለትም ስምንት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው።

በማር የበረዝነው ብርዝ 525 መዘነ። በግማሽ ሊትር 65 ግራም ማለት ነው፤ በአንድ ብርጭቆ (250 ሚሊ ሊትር) ሲሰላ ከለስላሳው ጠርሙስ ጋር እኩል ስምንት ማንኪያ ይሆናል።

ከርከዴያችን 531 መዘነ። በግማሽ ሊትር 80 ግራም፣ በአንድ ብርጭቆ አሥር ማንኪያ ነው።

ከጁስ ቤት የመጣውና በጨርቅ የተጠለለው የማንጎ ጁስ ደግሞ 536 መዘነ። በግማሽ ሊትር ከ90 ግራም በላይ፣ በአንድ ብርጭቆ ወደ አሥራ ሁለት ማንኪያ ይሆናል። ማንጎ ራሱ በ100 ግራም ውስጥ ወደ 14 ግራም የሚደርስ ስኳር አለው፤ በዚያ ላይ ሌላ ተጨምሮበታል።

ባለቤቴ ቁጥሩን ሰምታ ዝም አለች፤ ቆይታ "ስኳሩን በማንኪያ ቆጥሬ አስገብቼ አላውቅም፤ እስኪጥም ነው የምጨምረው" አለች። ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም፤ ሁላችንም "ትንሽ ጨምሪበት" ስንል የኖርን ነን። ምላሳችን የሳተበት ምክንያትም አለው። ኮምጣጣ ነገር የስኳርን ጣዕም ይሸፍናል፤ ቅዝቃዜም ጣፋጭነትን ይቀንሳል። ከርከዴ ኮምጣጣም ነው፤ በበረዶም ይቀርባል። ስለዚህ እስኪጥም ድረስ ሲጨመርበት ከለስላሳው ያልፋል።

እኔ ደግሞ ያሰብኩት ሌላ ነበር። እኒያን አዛውንት ለስላሳውን ሲመልሱ "ጎበዝ" ብዬ፣ ከለስላሳው የሚበልጠውን ግን "ፍራፍሬ ነው" ብዬ አጠጣኋቸው። ሁለት ብርጭቆ ማለት ሃያ አራት ማንኪያ ስኳር ገደማ ነው፤ ያውም ቀኑን ሙሉ ባዶ በዋለ ሆድ።

ከዚህ ምን እንያዝ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ በመጠጥና በምግብ ላይ የሚጨመር ስኳር፣ እንዲሁም በማርና በጭማቂ ውስጥ ያለው ስኳር፣ ከዕለቱ ኃይል ሰጪ ምግብ ከአሥር በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። ይህ ለአዋቂ ሰው ወደ 50 ግራም ወይም አሥራ ሁለት ማንኪያ ነው። ከግማሹ በታች፣ ማለትም ከስድስት ማንኪያ በታች ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። አንድ ብርጭቆ ጁስ የቀኑን ልክ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ ሙሉ ፍሬ በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ማንጎውን መብላትና ጭማቂውን መጠጣት አንድ አይደለም። የሚበላው ፍሬ ከቃጫው ጋር ቀስ ብሎ ይፈጫል፤ ያጠግባልም። ጭማቂ ግን የሁለት ሦስት ማንጎ ስኳር በአንድ ብርጭቆ ያወርዳል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በእሸት ቴምር፣ ከሌለ በደረቅ ቴምር፣ ካልተገኘም በጥቂት ጉንጭ ውኃ ያፈጥሩ እንደነበር በሐዲስ ተላልፏል። ሦስት ቴምርና ውኃ የያዘ ሰው የጎደለውን ስኳርም ውኃም አግኝቷል። የሆድን ሲሶ ለምግብ፣ ሲሶ ለመጠጥ፣ ሲሶ ለትንፋሽ እንድንተው ያስተማሩንም እሳቸው ናቸው።

ይህ ሙከራ ወሰን እንዳለውም ልናገር። ሚዛኑ የሚናገረው በውኃው ውስጥ የሟሟ ነገር መኖሩን እንጂ ምንነቱን አይደለም። ጨውም ያከብዳል። ወተት ስኳር ሳይጨመርበት ከውኃ ስለሚከብድ በዚህ ደንብ አይሰላም። የአብሽ መጠጥን የሚመዝን ሰው ስኳር ከመጨመሩ በፊት አንዴ፣ ከጨመረ በኋላ አንዴ መዝኖ ልዩነቱን ይያዝ። ሚዛኑ አንድ ግራም ቢሳሳት እንኳ በግማሽ ሊትሩ ላይ ከ2.6 ግራም በላይ አያሳስትም፤ ይህ ከአንድ ማንኪያ በታች ነው። ለቤተሰብ ውሳኔ ይበቃል። የበሽተኛን መጠን የሚወስን ግን ሐኪም ነው።

የስኳር ሕመም ያለባችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። በሱረቱል በቀራህ ውስጥ ለታመመ ሰው የተሰጠው ፈቃድ የአላህ እዝነት ነው፤ እሱን መቀበል ድክመት አይደለም። ጣትን ወግቶ የደም ስኳርን መለካት ጾም አያፈርስም። የሕክምና መመሪያዎች ልኬቱ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙ ወዲያው እንዲፈታ ያዛሉ። እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ላብ ሲያሰምጥ፣ ዓይን ሲጨልም ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ጣፋጭ ነገር መድኃኒት ነው፤ መግሪብ ሊደርስ ትንሽ ቀረ ተብሎ አይጠበቅም። እንግዲህ ስኳር ጠላት አይደለም። ሁሉ ነገር በልኩ ነው፤ ልኩን ለማወቅ ደግሞ መለካት ይቀድማል።

በቤታችን ያደረግነው ለውጥ ይህ ነው። ከርከዴውን በአንድ ጊዜ መራራ አላደረግነውም፤ በየሦስት ቀኑ ስኳሩን እየቀነስን ሄድን። ጭማሪው ከ31 ግራም ወደ 15 ወረደ፤ ይኸውም በብርጭቆ ከአሥር ማንኪያ ወደ አምስት ማለት ነው። በሁለተኛው ሳምንት የቅሬታ ድምፅ ጠፋ። እንዲያውም ትንሹ ልጅ ጎረቤት ቤት ጠጥቶ መጥቶ "የእነሱ ማር ማር ይላል" አለን። ምላስ እንደ ልጅ ነው፤ የለመደውን ይጠይቃል፤ ከተገራም ይገራል።

በመስጂዱም ዘንድሮ ሁለት ጆግ እናቀርባለን። አንዱ ስኳር ያልገባበት ነው፤ በወረቀት ተጽፎበታል። ስኳር የሚፈልግ በራሱ ብርጭቆ ቆጥሮ ይጨምራል። ጾመኛን ማስፈጠር ታላቅ አጅር አለው፤ የሚያስፈጥር ሰው ግን የሚያጠጣው ነገር በእጁ ያለ አማና መሆኑን አይርሳ።

ቁርአን ውስጥ ሱረቱ-ር-ረሕማን ሚዛንን ያነሳል፤ ሱረቱል ሙጠፊፊን ደግሞ ስሙን ያገኘው በስፍርና በሚዛን ከሚያጎድሉ ሰዎች ነው። እነዚህን ሱራዎች ሳስተምር ሁልጊዜ የማስበው ነጋዴዎችን ነበር። አሁን ግን ራሴንም እጨምራለሁ። ቃልም ይመዘናል፤ ሳይመዝን የተናገረም አጉድሏል።

ረመዳን በገባ በመጀመሪያው ምሽት እኒያ አዛውንት መጥተው በቦታቸው ተቀመጡ። ለይቅርታ ብዬ ብጀምር አስቆሙኝና "ሼኻችን፣ ይቅር ብያለሁ፤ ዛሬ የትኛው ነው የእኔ?" አሉ። ያልጣፈጠውን ጆግ አንስቼ ቀዳሁላቸው። ቀመሱት፤ ፊታቸውን ትንሽ አኮማተሩና "ኮምጧል፤ ግን ጥም ይቆርጣል" ብለው ሳቁ። በዚያ ምሽት ተራዊህን ከእኛ ጋር እስከ ዊትር ሰገዱ።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ የታመሙትን ይማር፤ በገበታችንም በቃላችንም ሚዛንን የምንጠብቅ ያድርገን። ረመዳን ሙባረክ።